ፀረ ኦክሳይድ፣ ፀረ ባክቴሪያ እና የቅጠል ንጥር

ፀረ ኦክሳይድ የሚባለው በሰውነት ውስጥ የሚፈጠሩ ነፃ ራዲካሎችን የሚያመክን ንጥረ ነገር ነው። በሬዲዮ ፕሮግራምና በቪታሚን ማሸጊያ ላይ «አንቲኦክሲዳንት» ሲባል የሚሰማው ይኸው ነው። ነፃ ራዲካል ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የያዘ ሞለኪውል ነው። ጉድለቱን ለመሙላት ከጎረቤቱ ይነጥቃል፤ የተነጠቀውም በተራው ከሌላው ይነጥቃል፤ እንዲህ እያለ ጉዳቱ የሕዋስ ሽፋን፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ላይ ይደርሳል። ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል ሲለውጥ ራዲካሎችን ራሱ ያመነጫል፤ የሲጋራ ጭስና የፀሐይ ጨረር ደግሞ ያበዟቸዋል። ፀረ ኦክሳይድ የራሱን ኤሌክትሮን ሰጥቶ ይህን ንጥቂያ ያስቆማል። ከታወቁት ውስጥ ቪታሚን ሲ እና ኢ ይገኙበታል፤ በቅጠላ ቅጠል ውስጥ በብዛት የሚገኙት ግን ፖሊፊኖል የሚባሉ ውህዶች ናቸው።

«ፀረ» በፀረ ተባይና በፀረ ወባ የተለመደ ስለሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ኦክሳይድ»ን ግን እንዳለ መተው ይሻላል። ባዕድ ቃል አፍ ላይ ከዋለ የአገር ሰው ይሆናል፤ ካዛንቺስ የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ራሱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ተቋም፣ ከ«ካዜ ኢንቺስ» የመጣ ነው። ፀረ ባክቴሪያ ደግሞ ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚያግድ ማለት ነው። ፀረ ተህዋሲያን ከዚህ ይሰፋል፤ ፈንገስንና ቫይረስንም ይጨምራል።

ሦስተኛው ቃል ንጥር ነው። ጭማቂ ከእርጥብ ቅጠል ተጨምቆ የሚወጣ ነው፤ ንጥር ግን እንደ ንጥር ቅቤ ከተፈለገው ውጭ ያለው የተለየለት ነው። ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል፣ በኢታኖል ወይም በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፤ ከዚያም ማሟሚያው ይተንና ጥቁር አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይቀራል። የማሟሚያው ምርጫ ውጤቱን ይለውጠዋል። አንድ ቅጠል በውኃ ሲነጠርና በሜታኖል ሲነጠር የሚሰጠው ውህድ የተለያየ ነው። የጀበና ቡና ሲቀዳ ሲኒው ውስጥ የሚገባው የጤና አዳም ቀንበጥም በሙቅ ፈሳሽ ይነጠራል፤ የሚለቀው ግን ጥቂት ነው፣ ይበልጡንም መዓዛው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለቱ ባሕርያት በተለያየ መንገድ ይለካሉ። ለፀረ ኦክሳይድ ዲፒፒኤች የተባለ፣ ራሱ ራዲካል የሆነ ሐምራዊ ኬሚካል ይዘጋጃል። ንጥሩ ሲጨመርበት ኤሌክትሮን ካገኘ ሐምራዊው እየደበዘዘ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ መሣሪያው የቀለሙን መቀነስ ይለካል፣ ውጤቱም ከቪታሚን ሲ ጋር ይነጻጸራል። ለፀረ ባክቴሪያ ደግሞ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ንጥር ውስጥ የተነከረ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ይቀመጣል። በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ከታየ፣ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ይለካል። ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ የሚያግድ ንጥር ኢ ኮላይ የተባለውን ላያግድ ይችላል፤ ኢ ኮላይ መድኃኒት እንዳይገባ የሚከላከል ተጨማሪ ውጫዊ ሽፋን አለው።

ከቅጠሎቹ መካከል ጦስኝ በፀረ ባክቴሪያነቱ ጠንካራ ከሚባሉት ነው። መዓዛውን የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የባክቴሪያን ሽፋን ያናጋሉ። የግራዋን ምሬት የሚያመጡት ሰስኪተርፒን ላክቶኖች ይባላሉ፤ ቅጠሉም ሉቲዮሊን የተባለ ፀረ ኦክሳይድ አለው። ጠላ ከመጠንሰሱ በፊት ጋኑ በግራዋ ታሽቶ በወይራ ጭስ መታጠኑ ባልቴቶች ሳይንሱ ሳይነገራቸው የያዙት ጠቃሚ ልማድ ነው። ዳማከሴ ለምች በመዳፍ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂውም ከቡና ጋር ይጠጣል። እንዲህ ያለውን እውቀት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤትና በአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይፈትሻሉ። ሥራው ጊዜውን የጠበቀ ነው፤ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እየበዙ ነውና።

ሆኖም ሳህን ላይ የታየ ቀለበት ሕክምና አይደለም። ንጥሩ በጨጓራና በጉበት አልፎ ደም ውስጥ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚተርፍ ሳህኑ አይናገርም። ስለ ፀረ ኦክሳይድም ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበትና በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን የተባለውን ፀረ ኦክሳይድ የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ አግኝቷል። ጤና አዳምም ማህፀንን ሊያነሳሳ ስለሚችል ነፍሰ ጡሮች በብዛት ወይም በተጠናከረ ንጥር መልክ ሊወስዱት አይገባም።