ባለ አንድ ቦርሳው መንገደኛ

«ብቻህን?» አለችኝ አክስቴ በስልክ።

«አዎ፣ ብቻዬን።»

«ምን ሆነህ? ከማን ተጣልተህ ነው?»

እኛ አገር ሰው ብቻውን መንገድ የሚወጣው ወይ ሲሰደድ፣ ወይ ሲያኮርፍ፣ ወይ ደግሞ ሲመንን ነው። ቁልቢ የሚሄደው አውቶቡስ ሙሉ ተጠራርቶ ነው። ላሊበላ የሚሄደውም ስንቁን ሸክፎ ከማኅበርተኞቹ ጋር ነው። አንድ ቦርሳ በጀርባው አዝሎ፣ ከተማ ለከተማ ብቻውን የሚዞር ሰው ስናይ «መቼም ፈረንጅ ቢሆን ነው» ብለን እናልፋለን። በአክስቴ አልፈርድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ዐውደ ጥናት ጀርመን አገር ተጠርቼ ነበር። ዐውደ ጥናቱ ሲያልቅ ቪዛዬ ላይ አሥራ አንድ ቀን ተረፈኝ። የመመለሻ ቲኬቴ ከሮም ነው። ከአበሌ የቆጠብኳት ገንዘብ ደግሞ በደህና ሆቴል ሦስት ሌሊት አታሳድርም። ታዲያ ምን ላድርግ? ሻንጣዬን ትቼ አንዲት ቦርሳ አዘልኩ። እናቴ «ለክፉ ቀን» ብላ የሰጠችኝን ዳቦ ቆሎ ከላይ ጨመርኩና ወደ ደቡብ ጉዞ ጀመርኩ።

ፈረንጆቹ ራሳቸው ይህን ዓይነቱን ጉዞ ለወጣቱ ሁሉ ያዳረሱት በቅርቡ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሪቻርድ ሺርማን የሚባል ጀርመናዊ መምህር በ1909 ተማሪዎቹን በእግር ይዞ ሲዞር ዝናብና ነጎድጓድ ያዛቸውና አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው አደሩ። «እንዲህ ያለ ርካሽ ማደሪያ በየመንገዱ ቢኖርስ?» የሚለው ሐሳብ ያን ሌሊት መጣለት፤ ዛሬ ሆስቴል የምንለው የወጣቶች ማደሪያም ከዚያ ተወለደ። በ1972 ደግሞ ዕድሜያቸው እስከ 21 ዓመት የሆኑ ወጣቶች በአንድ ቲኬት 21 አገሮችን በባቡር የሚዞሩበት «ኢንተርሬል» መጣ። ቦርሳ ያዘለው ወጣት በየጣቢያው ወለል ላይ ተኝቶ መታየት የተለመደ ነገር ሆነ።

ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት የነበረው ተሳላሚው ነው። ጳጳሱ ቦኒፋስ ስምንተኛ በ1300 የኢዮቤልዩ ዓመት ባወጁ ጊዜ ሕዝቡ በእግሩ ወደ ሮም ጎረፈ። ተሳላሚ ተቀብለው የሚያሳድሩ ገዳማትና የእንግዳ ቤቶች በየመንገዱ ነበሩ። አልጋው ጭድ፣ እራቱ ዳቦና ሾርባ ነበር። ከእነዚህ መንገደኞች መካከል ደግሞ የእኛ ሰዎች ነበሩበት። እኔም በዚያ አሥራ አንድ ቀን የሄድኩት የእነሱን ዱካ ተከትዬ ነው።

መጀመሪያ የወረድኩት ጎታ በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ነው። ከኤርፈርት በባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ብትሆን ነው። ከከተማይቱ በላይ ፍሪደንሽታይን የሚባል ግዙፍ ቤተ መንግሥት አለ። በ1652 እዚህ ቤት አንድ ኢትዮጵያዊ በእንግድነት ተቀመጠ፤ አባ ጎርጎርዮስ ይባላል፣ የመካነ ሥላሴ ሰው ነው። በዘመኑ ከካቶሊኮቹ ጋር ወግኖ ስለነበር ከአገሩ ተሰዶ ሮም ገባ። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ የሃያ አምስት ዓመት ጀርመናዊ እዚያ አገኘው። ሉዶልፍ ግእዝን የተማረው ከመጽሐፍ ነው፤ ከባለቤቱ አፍ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። ሁለቱ ተዋደዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ መስፍኑ ኤርንስት አባን ወደ ጎታ አስጠሩት።

አስቡት እንግዲህ። ከሮም ተነሥቶ፣ የአልፕስን ተራራ አቋርጦ ጀርመን መግባት። ያውም የሠላሳው ዓመት ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ከተማው ፈርሷል፣ መንደሩ ተቃጥሏል። እኔ እንኳ ሙቀት ባለው አውቶቡስ ተራራውን በሌሊት ሳቋርጥ ጉልበቴን አቅፌ ስንቀጠቀጥ ነው ያደርኩት።

አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ውስጥ ለወራት ተቀምጦ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ አገሩ ልማድ ሲጠየቅ ሲመልስ ሰነበተ። ሉዶልፍ ይጽፋል። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ። በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። ሰውየው ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቷት አያውቅም! ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ስሙ የሚነሣው ሊቅ መምህሩ ያ ስደተኛ መነኩሴ ነበር።

ከጎታ በኋላ ቬኒስ ገባሁ። ቬኒስ ለድሃ አትመችም። ቁጭ ብለህ ቡና ከጠጣህ የወንበሩን ጭምር ትከፍላለህ፤ ቆመህ ከጠጣህ ግን እንደ ሰው ያስከፍሉሃል። እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ቆሜ ጠጣሁ። ገንዘቤን ያወጣሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፍራ ማውሮን ካርታ ለማየት። ይህ የቬኒስ መነኩሴ በ1450 ገደማ የሠራው ክብ የዓለም ካርታ ቁመቱም ወርዱም ከሁለት ሜትር በላይ ነው፤ ደቡብ ወደ ላይ፣ ሰሜን ወደ ታች ተደርጎ ተሥሏል። አንገቴን አቅንቼ ወደ ላይኛው ክፍል ሳይ ዓባይና አዋሽ በጣልያንኛ አፍ ተጽፈው አሉ። ከየት አመጣው? መነኩሴው ራሱ ካርታው ላይ ጽፎታል፦ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ መነኮሳት አውራጃውን፣ ወንዙንና ተራራውን በእጃቸው ሥለው አሳይተውኛል ይላል። ከዚያ ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ቬኒሳዊ ከኢየሩሳሌም የሚመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየጠየቀ ከየት እስከ የት ስንት ቀን እንደሚያስኬድ መዘገበ። የሚሄደው የእኛ ሰው ነው፤ የሚጽፈው የእነሱ ሰው።

ፍሎረንስ ያደርኩት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በ1441 በኢየሩሳሌም ካለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር የተላኩ መነኮሳት እዚያ በተደረገው ጉባኤ ተገኝተው፣ ቀጥለው ወደ ሮም ሄደዋል። እኔም ተከተልኳቸው።

ሮም ግን ተቀበለችኝ ማለት አልችልም። የከፈልኩበት ማደሪያ ማታ አራት ሰዓት ላይ ስደርስ «ስምህ የለም» አለኝ። ወረቀቴን ባሳየው፣ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች! ያን ሌሊት ባቡር ጣቢያው አካባቢ ቦርሳዬን ታቅፌ ስንጎራደድ ነጋ። የመንገድ ዳሩ ቧንቧ ውኃ በነጻ ስለሆነ በዳቦ ቆሎና በውኃ ጦሜን ገደፍኩ። ደግነቱ ከእኔ በፊት የመጡት ቤት ነበራቸው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ተሰጥቶ ነበር። እስከ ዛሬም የሐበሾች እስጢፋኖስ ይባላል። በቫቲካን ከተረፉት አብያተ ክርስቲያናት በዕድሜ የሚቀድመው የለም።

ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ እነዚህ መነኮሳት ሲዘምሩ ሰምቶ ቋንቋውን ከአባ ቶማስ ተማረ። በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ፤ በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። በ1548 እና 1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከወንድሞቹ ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ። አታሚዎቹ ፊደሉን አያነቡም፣ መነኮሳቱ የማተም ሥራ አያውቁም። አባ ተስፋ ጽዮን ለስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቆበታል። እዚያው ሮም ቀረ፣ መቃብሩም እዚያው እስጢፋኖስ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ በቫቲካን አጥር ውስጥ ስለሆነ እንደ ልብ አይገባም። እኔም አልገባሁም። ባዚሊካው ግን በነጻ ነው፣ ሰልፉን ከቻልክ። የመካከለኛው በር በ1445 ፊላሬቴ በነሐስ የሠራው ነው። በሩ ላይ ካሉት ትንንሽ ሥዕሎች መካከል ከጉባኤው በኋላ የግብፅና የኢትዮጵያ መልእክተኞች ወደ ሮም ሲገቡ ይታያሉ። ቱሪስቱ ፎቶ እያነሣ በአጠገቡ ያልፋል። እኔ ግን ያላደርኩበት ከተማ ውስጥ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ቆሜ ቀረሁ።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ ነው አንድ ነገር ያንገበገበኝ። አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ተመልሶ ጥቂት ዓመት ቆየና በ1658 እስክንድሮና አጠገብ መርከብ ተሰብሮ ሞተ። ለሉዶልፍ የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሉ። ግን ስላያት ጀርመን የጻፈው የጉዞ መጽሐፍ የለም። የተቃጠሉት መንደሮች ምን ይመስሉ ነበር? የመስፍኑ ገበታ፣ የሰዉ ጠባይ፣ ብርዱ ምን አለው? ሁሉም አብሮት ሰጠመ። ደብተራ ፍስሐ ጊዮርጊስ የጣልያን ጉዞውን በትግርኛ ጽፎ ሮም ውስጥ ያሳተመው በ1895 ነው፤ ከአባ ጎርጎርዮስ የጎታ ጉዞ 243 ዓመት በኋላ። በመሐሉ ስንቱ ሄደ፣ ስንቱ አየ፣ ስንቱ ዝም አለ?

«የዚያን ጊዜ ሰው ምን ይደረግ!» ልትሉኝ ትችላላችሁ። እሺ፣ እኛስ? ዛሬ ስንቱ የእኛ ልጅ በበረሃና በባሕር አቋርጦ ሮም ይገባል። ስንቱ በውሎ አበል ይሄዳል፣ ስንቱ ዘመድ ጥየቃ ይሻገራል። ሲመለስ ሻንጣው ይመዘናል፣ ጫማና ሽቶው ይከፋፈላል፣ ፎቶው ይታያል። «ምን አየህ?» ስንለው «ኧረ አገሩ አገር ነው!» ይለናል፤ አለቀ። በባሕር ያቋረጠውን ደግሞ ጋዜጠኛው ይጠይቀዋል፣ አጥኚው ይጠይቀዋል፣ እነሱ ይጽፉለታል። ልክ እንደ ዞርዚ ዘመን።

አክስቴ ቤት የገባሁት ሻንጣ ሳልይዝ ነው። ቦርሳዬን ዐይታ «ምን አመጣህልኝ?» አለችኝ። ከቦርሳዬ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ዳቦ ቆሎና በአውቶቡስ ውስጥ የቸከቸክኩትን አንድ ደብተር አወጣሁ። ዳቦ ቆሎውን ወደ ጎን አለችው። መነጽሯን ፈልጋ አደረገችና «እስቲ አንብብልኝ፤ የዚያን የመነኩሴውን ነገር» አለችኝ።

እናንተም ስትሄዱ ከፓስፖርታችሁ ጎን አንድ ደብተር ያዙ። ዋጋው ከቬኒስ ቡና አይበልጥም፤ ያውም ቆመው ከሚጠጡት።