ለትከሻ የተለካ እንጨት

ስለ ጠመንጃ የሚጻፍ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የብረቱ ታሪክ ነው። ስንት ጥይት ይጎርሳል፣ ምን ያህል ርቀት ይመታል፣ ማን ሠራው፣ ማን ማረከው። እንጨቱን የሚያነሳው የለም። እኔ ግን እዚህ አሜሪካ አጋዘን ከሚያድኑ ጓደኞቼ ጋር መዋል ከጀመርኩ ወዲህ የምሰማው ክርክር ስለ እንጨቱ ነው፦ "ከፋብሪካ የመጣውን ሰደፍ አውልቄ ምን ልግጠምበት?" (ሰደፍ ስል ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ብረቱን ከታች የተሸከመውን አካል በሙሉ ማለቴ ነው።) ጥያቄው ተራ ይመስላል። ወደኋላ ስትከተሉት ግን ሁለት መቶ ዓመት ይወስዳችኋል፣ ዞሮ ዞሮም እኛው አገር ያደርሳችኋል።

ድሮ እያንዳንዱ ሰደፍ በእጅ ይጠረብ ነበር። በ1819 ቶማስ ብላንቻርድ የሚባል የማሳቹሴትስ ሰው አንድ ለየት ያለ ቶርኖ ሠራ። ማሽኑ በአንድ በኩል ሞዴሉን ሰደፍ እየዳሰሰ፣ በሌላ በኩል ጥሬውን እንጨት በዚያው ቅርጽ ይቀርጻል። ስፕሪንግፊልድ የሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ወዲያው ተቀበለው። ጠራቢው ቀን ሙሉ የሚደክምበትን ሥራ ማሽን ወሰደው፤ ሰደፍ ሁሉ መንታ ሆነ። ችግሩ፣ ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ሞዴል ብቻ ነው። የወታደሩን ክንድ አያውቅም።

ክንድ ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርቀት ዛሬ በብዙ ፋብሪካዎች 13.5 ኢንች፣ ማለትም 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክንዱ አጭር የሆነ ሰው ጠመንጃውን ሲያነሳ ሰደፉ ካፖርቱ ላይ ይያዝበታል። ክንዱ ረጅም የሆነ ደግሞ ሲተኩስ የገዛ አውራ ጣቱ አፍንጫውን ይነርተዋል፣ ወይ መነጽሩ ቅንድቡን ይሰነጥቀዋል። ቁመቱም አለ። የጦር ሜዳ ሰደፍ ወደ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው፤ ማነጣጠሪያው በርሜሉ ላይ ተለጥፎ ስለሚቀመጥ ጉንጭ ዝቅ ማለት አለበት። በዚያው ጠመንጃ ላይ መነጽር ሲገጠም ዓይን ከፍ ይላል፣ ጉንጭ ከእንጨቱ ይለቃል፣ አንገት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ለዚህ ነው የአደን ሰደፍ የጉንጩ ቦታ ከፍ የሚለው። ጌጥ የሚመስላችሁ ብዙው ነገር ሥራ አለው።

ይህን የገባው ጦር ቢኖር እንግሊዝ ነው። የሊ ኤንፊልድ ሰደፍ ከወገቡ ተለይቶ የሚወልቅ በመሆኑ እንደ ጫማ በቁጥር ይመጣ ነበር፦ ረጅም፣ መደበኛ፣ አጭር፣ ለቁመተ ድንኮች ደግሞ ከአጭርም ያጠረ። ሌላው ጦር ሁሉ ለማለት ይቻላል፣ "ሰውየው ከእንጨቱ ጋር ይላመድ" ያለ ነው።

አልላመድም ካሉት አንዱ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበር። በ1903 አዲሱ የስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ ሲወጣ፣ ያው የጦር ጠመንጃ በአደን ሰደፍ እንዲሠራለት ጠየቀ፤ ተሠራለትም። በ1909 ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲመጣ ይዞት ነበር። ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ሁሉም ነገር በልክ ይሰፋል።

ለተራው ሰው ዕድሉ የመጣው ከጦርነት በኋላ ነው። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የተረፉ ማውዘሮች፣ ስፕሪንግፊልዶች፣ ኤንፊልዶችና የጣሊያን ካርካኖዎች አሜሪካ ውስጥ እንደ ሰልባጅ ኮት በርካሽ ተቸበቸቡ። ሰልባጅ ስትገዙ ምን ታደርጋላችሁ? ልብስ ሰፊ ጋር ወስዳችሁ ታስጠብባላችሁ። እነሱም እንደዚያው አደረጉ። ሚዙሪ ውስጥ ዋርሶ በምትባል ትንሽ ከተማ ቢሾፕና ፋየን የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች ግማሽ የተጠረበ የዋልነት ሰደፍ በፖስታ ይልኩ ነበር። ገዢው ማታ ማታ ጋራዡ ውስጥ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ብረቱን ያስገባበታል፣ ዘይት ይቀባዋል። የድሮው ወታደራዊ እንጨት በመጋዝ ይቆረጣል ወይ ይጣላል። ያ የተጣለ እንጨት ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ እየፈለጉ መልሰው የሚገጥሙት ነው፤ ሳቅ ቢመጣባችሁ አልፈርድም።

የፖስታው ገበያ ያበቃው በመጥፎ ታሪክ ነው። በ1963 ኬኔዲ የተገደለበት ካርካኖ ከነመነጽሩ 19.95 ዶላር ተብሎ በማስታወቂያ የወጣ፣ በፖስታ የታዘዘ ጠመንጃ ነበር። በ1968 የወጣው ሕግ በፖስታ መሸጡንም፣ አሮጌ የጦር መሣሪያ ከውጭ ማስገባቱንም ዘጋ። ሁለተኛው ክልከላ የላላው ቆይቶ ነው።

እንጨቱ ራሱም ተቀናቃኝ መጣበት። እንጨት እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይጣመማል፤ ሲጣመም በርሜሉን ይገፋል፣ በመስከረም ያስተካከላችሁት ኢላማ በኅዳር ዝናብ ይዛወራል። ጀርመኖች በ1930ዎቹ መጨረሻ ስስ የእንጨት ንጣፎችን በሙጫ አጣብቀው የተሻለ የሚጸና ሰደፍ ሠሩ። በ1959 ሬሚንግተን ሰደፉ ናይለን የሆነ ትንሽ ጠመንጃ አወጣ፤ ከዚያ ፋይበርግላሱ ተከተለ። ፋይበርግላስ ውበት የለውም፣ ስትነኩት ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ግን አያውቅም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለሥራ የሚሆን ጠመንጃ ላይ ከዚህ የተሻለ የለም። መጀመሪያ ክንዳችሁን ተለኩ፣ ቀጥሎ የጉንጩን ከፍታ እዩ፣ ቀለሙን መጨረሻ።

እኛ አገር ደግሞ እንጨቱ ሌላ ዕድሜ ኖሯል። ውጅግራ የምንለው የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ነው፤ "ፉዚ ግራ" በአፋችን ተቀይሮ። ዓድዋ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የቤልጂግ ማውዘር መጣ፣ በ1928 ዓ.ም. ወረራ ደግሞ ካርካኖው። እኛ ጋ ሰደፍ ሲሰበር ከሚዙሪ አይታዘዝም። በሽቦ ይታሰራል፣ በቆርቆሮ ይለበጣል፣ በሚስማር ይመታል፣ ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ እነዚህ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ላይ መሸጥ ጀመሩ። በሻጮች ፎቶ ላይ ሳያቸው ብረቱ ዝጓል፣ እንጨቱ ተሰንጥቋል፣ ጥገናው ግን ከነሙሉ ክብሩ አለ። አንድ የሠፈሬ ልጅ፣ ሚኒሶታ የሚኖር፣ ካርካኖ ገዝቶ ደወለልኝ፦ "ሰደፉ ለሁለት ሊከፈል ነው። አዲስ ልዘዝለት?"

ለሁለት መቶ ዓመት የተሟገቱበት ጥያቄ ነው፤ የኔ መልስ ግን አጭር ነበር። በዚህ አጋዘን አትገድልበትም፤ ለሱ ያቺን ሬሚንግተንህን ፋይበርግላስ አልብሳት። ይኼኛው ላይ ግን ታሪኩ ያለው እንጨቱ ላይ ነው። የብረቱን ቁጥር ጣሊያን መትቶበታል፣ እንጨቱ ላይ ያለውን ሽቦ የጠመጠመው ግን የኛ ሰው ነው። ስሙን ማንም አልጻፈውም።

ልጁ እሺ ብሏል። ለሬሚንግተኑ በክንዱ ልክ ሰደፍ አዟል፣ ካርካኖውም ግድግዳ ላይ ነው። አሁን የሚለኝ "ሽቦውን እንኳ ከዝገቱ ላጽዳው"። እስካሁን አልተስማማንም።