የወሎ ቅኝት ከክራር ወደ ፒያኖ



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ በእሑድ ቀን ሰንበቴ ቢደርስ፥ አፋሩ፥ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ገበያ ሲገናኙ ያያል። በማግሥቱ ሰኞ ደግሞ ይህንኑ የመሰለ ገበያ በባቲ ይቆማል። ባቲ ግን የገበያ ስም ብቻ አይደለም። ከትዝታ፥ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋራ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን የአንዱ መጠሪያ ነው። አምባሰልም እንዲሁ ስሙን ያገኘው ከወሎ ተራራማ አገር ነው።

ቅኝት ማለት የክራር ጅማት የሚቃኝበት ሥርዓት ነው። አራቱም ቅኝቶች በአምስት አምስት ድምፅ የቆሙ ሲሆኑ፥ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ታዲያ ይህ ሥርዓት ወደ ባዕድ መሣሪያ ሲሻገር ጠባዩን ይዞ ይዘልቃልን?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ጊታር ከአውሮጳ ወደ ብራዚል የገባ መሣሪያ ነው፤ ሆኖም ኤይቶር ቪላ ሎቦስ (1887–1959) የአገሩን የጎዳና ዜማ መንፈስ ለጊታር ደረሰበት። ከእርሱም በኋላ ወንድማማቾቹ ሰርዥዮና ኦዳይር አሳድ በሁለት ጊታር የብራዚልን ዜማ ለዓለም አሰሙ።

በእኛም አገር እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1967 የፒያኖ ድርሰታቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በ2014ም አቶ ግርማ ይፍራሸዋ «ፍቅርና ሰላም» የሚል ትርጉም ያለውን የፒያኖ አልበም ሲያወጡ፥ አንዱን ድርሰት «አምባሰል» ብለው ሰየሙት።

በእርግጥ ፒያኖ የሚጎድለው ነገር አለ። ክራር መቺ ጅማቱን ለራሱ ድምፅና ለራሱ ጆሮ እንዲስማማ አድርጎ ይቃኛል፤ ፒያኖ ግን ተጫዋቹ በየዜማው ሊለውጠው የማይችል፥ አስቀድሞ የተቃኘ መሣሪያ ነው። አቶ ግርማ ይህን ጉድለት ሊያሸንፉ የቻሉት፥ በቅዱስ ያሬድ ትምህርት ቤትና በሶፍያ ፒያኖ ከመማራቸው በፊት በልጅነታቸው ክራር ይመቱ ስለ ነበረ ይመስለናል። ጣታቸው ፒያኖን ሳይለምድ ጆሯቸው ቅኝትን ለምዶ ነበርና።

ስለዚህ የሰንበቴና የከሚሴ ልጅ ፒያኖም ሆነ ጊታር ቢማር መልካም ነው። ነገር ግን በጎረቤቱ በባቲ ስም የሚጠራውን ቅኝት አስቀድሞ በክራር ይወቀው። ሥሩን ያልያዘ ተክል በሌላ መሬት አይጸድቅምና።