ስም የማይጠየቅበት አውሮፕላን

አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ ለመብረር መታወቂያ ማሳየት ከጥንት የነበረ የሚመስላቸው ልጆች ታክሲዬ ውስጥ ይገባሉ። እኔ የመጣሁት ክፍለ ሀገር ለመውጣት ከቀበሌ ይለፍ ከሚጻፍበት፣ በየኬላው እየወረዱ ከሚያሳዩበት ከደርግ አገር ነው። ስለዚህ በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) እዚህ ያየሁትን ማመን አቅቶኝ ነበር። ፍተሻ አለ፤ ጠለፋ ስለበዛ በ1973 የተጀመረ ነው። የሚፈለገው ግን መሣሪያ ነበር። ሻንጣው በማሽን፣ ሰውየው በብረት መፈተሻው በር ያልፋል፤ ስሙን የሚጠይቀው የለም። ሸኚም ተቀባይም እስከ መሳፈሪያው በር ድረስ ይገባል። ዋሽንግተን ናሽናል ዘመድ ስንቀበል እዚያው በሩ ሥር ቆመን እንስም ነበር።

ጉዞው የቀረበት ሰው ትኬቱን በጋዜጣ ማስታወቂያ ይሸጣል፤ ገዢው በሌላ ሰው ስም ይበራል። አየር መንገዶቹ ይህን አይወዱትም ነበር።

ጥበቃው በ1995 ጠበቅ ማለት ጀመረ። በሐምሌ 1996 ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ የተነሳው የቲደብሊውኤ አውሮፕላን ፈንድቶ 230 ሰው ሲያልቅ ቦምብ ነው ተባለ፤ የመታወቂያው ጥያቄም በየኤርፖርቱ ጸና። መርማሪዎቹ በ2000 የደረሱበት ሌላ ነው፦ የነዳጅ ጋኑ ውስጥ የተጠራቀመው ተን ተቀጣጥሎ ነው። መታወቂያው ግን ቀረ አልተባለም። የትኬት ሽያጩም በዚያው ጠፋ።

ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ ናሽናል ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘግቶ፣ እኛ ባለታክሲዎች ተራ የምንይዝበት ቦታ ኦና ሆነ። አጣሪው ኮሚሽን እንደጻፈው፣ ከ19ኙ ጠላፊዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም የአሜሪካ መታወቂያ አውጥተው ነበር፤ አንዳንዶቹ በማጭበርበር። ታዲያ ወረቀቱ ሰውየው ማን እንደሆነ ቢናገር እንኳ ልቡ ውስጥ ያለውን አይናገርም።

ጆን ጊልሞር የሚባል ሰው ሐምሌ 4 ቀን 2002 ካሊፎርኒያ ውስጥ መታወቂያ አላሳይም ብሎ ሳይበር ቀረ። ሕጉን አሳዩኝ ቢል ምስጢር ነው አሉት። ከሰሰ። ዳኞቹ ትእዛዙን በዝግ አንብበው፣ ያለመታወቂያም በጥብቅ ፍተሻ መብረር ትችል ነበር ብለው በ2006 ፈረዱበት። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። መፈተሽን አልጠላም፤ ሰው ሊያነበው በማይፈቀድለት ትእዛዝ መታዘዝን ግን በአገሬ በደንብ አውቀዋለሁ፣ እዚህ አገኘዋለሁ ብዬ አልመጣሁም።

ለበረራ የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ ምን ማሟላት እንዳለበት የሚደነግገው የሪል አይዲ ሕግ ደግሞ በ2005 ለጦር ሠራዊቱና ለሱናሚ ተጎጂዎች በጀት ከሚመድበው አዋጅ ጋር ተለጥፎ አለፈ። በ2008 ይጀመራል ተብሎ ሲገፋ ሲገፋ፣ ግንቦት 7 ቀን 2025 ሥራ ላይ ዋለ። አሁን ፈታሹ የሚፈልገው መንጃ ፈቃዱ ጥግ ላይ ያለችውን ኮከብ ነው። ኮከብ የሌለው ሰው ፓስፖርት ይያዝ፤ ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ይሠራል። የእኛ ሰው የሚጉላላው በስም ነው፦ ወልደ ሚካኤል ፓስፖርቱ ላይ ሁለት ቃል፣ ትኬቱ ላይ አንድ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ወልደ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ኤርፖርት የማደርሳቸውን አዲስ መጤዎች፣ ለሚቀጥለው ጉዞ ትኬት ሲያስቆርጡ ፓስፖርታቸውን ገልጠው ፊደል በፊደል እንዲያስጽፉ እነግራቸዋለሁ።