ጸደይና ባቡር ጣቢያ
(የጃፓን የጸደይ ዘፈኖች ስለሚነግሩን ታሪክ)

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የዶርም ጓደኛችን የጃፓን ዘፈን ከፈተልን። ሦስት ልጃገረዶች እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ፤ ዜማው ያስጨፍራል። ከመካከላችን ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። ባለዘፈኑ ልጅ ብቻ ርእሱን አይቶ «ስለ ጸደይ ነው» አለን። «ስለ ጸደይ ከሆነማ ስለ አበባና ስለ ፍቅር ነዋ!» ብለን አለፍነው። ዳሩ ግን ነገሩን ስንከታተለው የጃፓን የጸደይ ዘፈን የአበባ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ነፋስ አለበት፤ ባቡር አለበት፤ የመንግሥት በጀት ሳይቀር አለበት። ከሁሉ በላይ ስንብት አለበት። ለመሆኑ ብርዱ አልፎ አበባ በሚፈነዳበት ወቅት የጃፓን ዘፋኝ ስለ መለያየት የሚያንጎራጉረው ለምንድን ነው? የዚህች ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ እንግባባ። ጸደይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መስከረምንና አደይ አበባን ነው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። የጃፓኖቹም ከዚሁ ይቀራረባል፤ እነሱ ሳኩራ የሚሉት የቼሪ አበባ በቶኪዮ የሚፈነዳው በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ነው።

ያ የሰማነው ዘፈን «ሃሩ ኢቺባን» ይባላል። ካንዲስ የተባለው የልጃገረዶች ቡድን በማርች 1976 በሸክላ ያወጣው ሲሆን፣ ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰው ሆጉቺ ዩሱኬ ነው። ርእሱ «የጸደይ አንደኛ» እንደ ማለት ነው፤ ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ በኋላ ከደቡብ የሚነሣው የመጀመሪያው ብርቱና ሞቃት ነፋስ ስም ነው። በዘፈኑ ውስጥ በረዶ ይቀልጣል፤ ካፖርት ይወልቃል፤ ያዘነ ሰው ይጽናናል። ስሙ ግን የመጣው ከዘፋኝ ቤት አይደለም። በናጋሳኪ ክፍለ ሀገር ኢኪ የምትባል ደሴት አለች። በ1859 ከዚያ ከጎኖኡራ ወደብ የወጡ 53 ዓሣ አጥማጆች ይህ ነፋስ ባሕር ላይ ደርሶባቸው አለቁ። የደሴቲቱ ሰዎች ነፋሱን በዚህ ስም እየጠሩ ይጠነቀቁት እንደነበረ ይነገራል፤ ለሟቾቹም እዚያው መታሰቢያ ቆሟል። ኋላ የአየር ጠባይ አዋቂዎች ቃሉን ወሰዱት፤ በጋዜጣ ወደ ሕዝብ አፍ ገባ፤ ከዚያም እነ ካንዲስ ዘፈኑት። እንግዲህ አጥማጁ «ተጠንቀቅ» ሲል የተናገረው ቃል፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የከተማ ወጣት የሚጨፍርበት ሆነ ማለት ነው።

ስንብቱስ ከየት መጣ? መልሱ ያለው የሒሳብ መዝገብ ላይ ነው ብንል ቀልድ ይመስላል። በሜጂ ዘመን ጃፓን የአውሮፓን ዓይነት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ስትከፍት ዓመቱን የሚጀምሩት በሴፕቴምበር ነበር። በ1886 ግን መንግሥት የበጀቱን ዓመት ከኤፕሪል እስከ ማርች አደረገው። ትምህርት ቤት የሚተዳደረው በዚሁ በጀት ነውና ቀስ በቀስ ተከተለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀሩ በ1921 ወደ ኤፕሪል ዞሩ። ከዚያ ወዲህ ምርቃት በማርች፣ ምዝገባና አዲስ ሥራ በኤፕሪል ሆነ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሳኩራ ይፈነዳል። በየወንዙ ዳርና በየትምህርት ቤቱ ግቢ የተተከለው ሶሜይ ዮሺኖ የሚባለው ዓይነት በዘር አይራባም፤ ቅርንጫፉ እየተቆረጠ በሌላ ግንድ ላይ ይጣበቃል እንጂ። ስለዚህ ዛፎቹ ሁሉ የአንድ ዛፍ ቁራጭ ናቸው፤ ባንድ ቦታ ያሉት ባንድ ጊዜ ይፈነዳሉ፤ ባንድ ጊዜም ይረግፋሉ። ይህን አብሮ መርገፍ የጦርነቱ ዘመን ገዢዎች ተጠቅመውበታል፤ ወጣት ወታደር እንደ ሳኩራ ይርገፍ ተብሎ ተዘፍኖለታል። ከ1945 በኋላ የመጣው ትውልድ የወረሰው ይህን ሁሉ የተሸከመ አበባ ነው። በአገራችን ተማሪ ቤት የሚከፈተው አደይ ሲፈነዳ ነው፤ ከጓደኞቻችን ጋር እንገናኛለን። እነሱ ሳኩራ ሲፈነዳ ይለያያሉ። ልዩነቱን ያመጣው የሰው ልብ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው።

ይሁንና ሁሉም የሚለየው ከክፍል ጓደኛው ብቻ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው ሲበዛ የሰው ጉልበት አነሰ። የሰሜኑ ገበሬ ልጅ የግዴታ ትምህርቱን በ15 ዓመቱ ሲጨርስ፣ መሬቱ ብዙውን ጊዜ ለታላቅ ወንድም ስለሚቀር፣ ወደ ከተማ መሄድ ነበረበት። በ1954 ለእነዚህ ልጆች የተመደበ ልዩ ባቡር ከአኦሞሪ ተነሥቶ፣ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ቶኪዮ ኡዬኖ ጣቢያ ገባ። እንዲህ ያለው ባቡር እስከ 1975 ድረስ በየጸደዩ ተመላለሰ። ጋዜጦች ልጆቹን «የወርቅ እንቁላል» አሏቸው። እንቁላልስ በእርግጥ ነበሩ፤ ገና አልተፈለፈሉማ! ወርቅነታቸው ግን ለማን ነበር? በትንሹ ፋብሪካና በየሱቁ ተቀጠሩ፤ ብዙዎቹ የሚያድሩትም እዚያው አሠሪያቸው ዘንድ ነበር። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶን ባሸነፈበት በ1964፣ ራሱ የአኦሞሪ ተወላጅ የሆነው ኢዛዋ ሃቺሮ ስለ ኡዬኖ ጣቢያ ዘፈነላቸው። እኛ ከዚያች ከተማ የምናስታውሰው የአበበን ድል ነው፤ በዚያው ዓመት እነዚያ ልጆች በዚያች ከተማ ውስጥ እናታቸውን እየናፈቁ ይሠሩ ነበር። ዛሬ በጣቢያው አጠገብ ለዘፈኑ የቆመ መታሰቢያ አለ።

ባቡሩ በቆመበት በ1975 ደግሞ ኢሩካ የተባለች ዘፋኝ «ናጎሪ ዩኪ»ን በሸክላ አወጣች። ዘፈኑን የደረሰው ኢሴ ሾዞ ነው፤ ካጉያሂሜ የተባለው ቡድኑ በ1974 ተጫውቶት ነበር። ርእሱ ወቅቱ ካለፈ በኋላ የሚወርድ የመሰናበቻ በረዶ ማለት ነው። ቦታው አሁንም ባቡር ጣቢያ ነው፤ አቅጣጫው ግን ተገልብጧል። አሁን ልጅቷ ቶኪዮን ትታ ትሄዳለች፤ ወጣቱ ይቀራል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1977፣ የኢዋቴው ሰው ሴን ማሳኦ «ኪታጉኒ ኖ ሃሩ»ን፣ ማለት «የሰሜን አገር ጸደይ»ን ዘፈነ። በከተማ ለሚኖረው ሰው ጸደይ መግባቱን የሚያስታውሰው እናቱ ከገጠር የላከችለት ጥቅል ነው። ይህ ዘፈን ባሕር ተሻግሮ በቻይንኛም ተዘፈነ፤ ከአገሩ የራቀ ሰው የትም አይጠፋምና። ሦስቱን በተርታ ብናስቀምጣቸው፣ አንዱ መድረስን፣ አንዱ መመለስን፣ አንዱ ሳይመለሱ መናፈቅን ይናገራል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአንድ ትውልድ ታሪክ አለቀ።

ያ የሚያስጨፍረው ቡድንስ? ካንዲሶች በ1977 ዝናቸው ጣራ ነክቶ ሳለ፣ እንደ ማንኛዋም ልጃገረድ መሆን አማረን ብለው መድረኩን እንደሚተዉ ተናገሩ። በኤፕሪል 4፣ 1978 በኮራኩዌን ስታዲየም በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፊት ተሰናበቱ። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ መጋቢት 26 ነበር።

ከጓደኞቻችን አንዱ «ይህ ሁሉ ንግድ እኮ ነው! ነጋዴው ምርቃት ሲደርስ የሚሸጥ እንባ ያዘጋጃል» ሲል ተከራከረን። ሐሰት አላለም። ሞሪያማ ናኦታሮ በ2003 «ሳኩራ» የተባለውን ዘፈን ካወጣ ወዲህ በዚያው ስም ስንቱ ተዘፈነ! ሆኖም ነጋዴ የሌለ እንባ መሸጥ አይችልም። በማርች 11፣ 2011 የምድር መናወጥና የባሕር ማዕበል ያንኑ የሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ መታ፤ የሴን ማሳኦ የትውልድ ከተማ ሪኩዘንታካታም ከወደሙት አንዷ ናት። በ2012 የዚያው አካባቢ ልጆች የሆኑት ኢዋይ ሹንጂ በግጥሙ፣ ካኖ ዮኮ በዜማው «ሃና ዋ ሳኩ»ን ደረሱ፤ «አበባ ይፈነዳል» ማለት ነው። እንባው ከገበያው በፊት ነበረ።

በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የትምህርቱ ዓመት ወደ ሴፕቴምበር ይመለስ የሚል ሐሳብ በመንግሥት ዘንድ ተነሥቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተተወ። ወጪውና ሕጉ ከባድ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ግን እኛ እንዲህ ብለን ጠየቅን፦ ሳኩራ የሌለበትን ምርቃት ማን ሊዘፍንለት ነው? የበጀት ሹም ያመጣውን ቀን ዘፈን የሰው ቀን አድርጎታል፤ አሁን ሹሙ ራሱ ቢፈልግ በቀላሉ አይነቅለውም።

እኛም ብንሆን የራሳችን የመስከረም ዘፈኖች፣ የራሳችንም የአውቶቡስ ተራ ስንብቶች አሉን። ከየክፍለ ሀገሩ ፍራሽና ሻንጣ ይዘን እዚህ ግቢ የገባን ሁሉ እናውቃቸዋለን። ዓመቱን፣ መንገዱንና ምክንያቱን ጨምሮ ታሪካቸውን የሚጽፍልን ካለ፣ የሚቀጥለው እትም ገጽ ክፍት ነው።