«የዓለም ንጉሥ» የተባለው ሰው

እስቲ ጠጋ በሉ። የማወጋችሁ «የዓለም ንጉሥ» ተብሎ ስለነገሠና በገዛ አዳራሹ ዓይኑ ስለጠፋ ሰው ነው።

የልጅነት ስሙ ዓሊ ጎሐር ነው፤ የሕንድ ሙጋሎች ልዑል። አባቱ ዳግማዊ ዓለምጊር ዴልሂ ላይ ዙፋን ቢይዝም፣ ትእዛዙ የቪዚሩ፣ ማለትም የዋና ሚኒስትሩ፣ የኢማድ ኡል ሙልክ ነበር። ቪዚሩ ልዑሉን ሊይዘው ሲያሳድደው፣ ልጁ እ.ኤ.አ. በ1758 ሰይፉን መዝዞ ከከተማው አመለጠ። በዓመቱ አባቱ ተገደለ። እሱም በስደት ላይ ሳለ ነገሠ፤ ሻህ ዓለም ተባለ። በፋርስኛ የዓለም ንጉሥ ማለት ነው።

የትኛው ዓለም? የሙጋል ቤት የቆመው በገበሬው ግብር ነበር። መኳንንቱ ከየአገሩ ግብር ይመደብላቸዋል፤ በዚያ ፈረሰኛ እየቀለቡ ለንጉሡ ይዘምታሉ። ታላቁ አውራንግዜብ በ1707 ከሞተ በኋላ ግን የየግዛቱ ሹም ግብሩን ለራሱ ያስቀር ጀመር። ፈረሰኛው ቀለቡን ወደሚሰጠው ዞረ። በ1719 ብቻ አራት ነገሥታት በዚያ ዙፋን ተፈራረቁ። በ1739 የፋርሱ ናዲር ሻህ የዴልሂን ሕዝብ አረደ፤ የጣዎሱን ዙፋን ጭኖ ሄደ። የወሰደው ሀብት ከመብዛቱ የተነሣ ለፋርስ ሕዝብ የሦስት ዓመት ግብር ማረ!

እንግዲህ ሻህ ዓለም የወረሰው ይህን ባዶ ቤት ነው። ሰነፍ ሲሉት አልቀበልም፤ ተዋግቷል። በ1764 ቡክሳር ላይ ከእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጋር የገጠመው ጦር የእሱና የአጋሮቹ ነበር፤ ተሸነፉ። በማግስቱ ዓመት አላሃባድ ላይ የኩባንያው ሹም ሮበርት ክላይቭ ፊቱ ቀረበ። ንጉሡ የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ለኩባንያው ሰጠ። በምላሹ በዓመት 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ሩፒ ተቆረጠለት። የመንግሥቱ ሞት እኔ እንደሚገባኝ ይህቺ ቀን ናት፤ የነጋዴ ማኅበር የሚሊዮኖችን ጎተራ ቁልፍ ጨበጠ። በ1770 ቤንጋልን ረሃብ ሲፈጃት፣ ኩባንያው ግብሩን መሰብሰቡን አልተወም። ንጉሡም የሕንድ ተዋጊ ኃይል በሆኑት በማራታዎች ታጅቦ በ1772 ዴልሂ ሲገባ፣ ኩባንያው ያን የዓመት ክፍያ ከለከለው።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ደረስን። በ1788 ጉላም ቃድር የሚባል፣ ሮሂላ የተባሉት የአፍጋን ዘር ሰዎች አለቃ፣ የዴልሂን ቤተ መንግሥት ቀዩን ግንብ ያዘ። «ሀብቱን አውጣ!» አለ። የቱን ሀብት? ናዲር ወስዶታል፤ አፍጋኖች ደግመውታል፤ የአዳራሹን የብር ጣሪያ እንኳ ማራታዎች ገሽልጠው አቅልጠውታል። ጉላም ቃድር ግን አላመነም። ወለሉን አስቆፈረ፤ መሳፍንቱንና ሴቶቹን በረሃብ ቀጣ። ነሐሴ 10 ቀን የ60 ዓመቱን ሽማግሌ አስጥሎ ዓይኖቹን አጠፋ። ወዳጆቼ፣ ይህ ሰው ገጣሚ ነበር፤ የብዕር ስሙም አፍታብ፣ ፀሐይ ማለት ነው።

ማራታዎች ደርሰው ጉላም ቃድርን ገደሉት፤ ዓይነ ስውሩን መልሰው ዙፋን ላይ አስቀመጡት። ለምን? ስሙ ስለሚያስፈልጋቸው! ያለ ሙጋል ማኅተም ሹመት ሹመት አይመስልም ነበር። በ1803 የእንግሊዙ ጄኔራል ሌክ ዴልሂ ሲገባ፣ ሽማግሌውን ባረጀች ድባብ ሥር ተቀምጦ አገኘው። ሌክም አላወረደውም፤ ጡረታ ቆረጠለት። ኩባንያው ካልካታ ላይ የሚመታው ሩፒ የሻህ ዓለምን ስምና «19ኛ ዓመተ መንግሥት» የሚል ቃል ይዞ ይወጣ ነበር። ዓመቱ እዚያው 19 ላይ ቆመ። ንጉሡ በ1806 ሞተ፤ በስሙ ገንዘብ መመታቱ ግን እስከ 1835 ቀጠለ።

የተቀበረው በዴልሂ ደቡብ በምትገኘው መህራውሊ ነው። ልጁ አክባር ሻህም እዚያው አረፈ። የልጅ ልጁ ባሃዱር ሻህ ዛፋር ለራሱ አጠገባቸው ቦታ አስቀረ። በ1857 በእንግሊዞች ላይ ከተነሣው ዓመፅ በኋላ ግን እንግሊዞች ወደ ራንጉን፣ በርማ፣ አጋዙት፤ በ1862 እዚያው ሞተ። በታሰረበት ቤት ጓሮ ቀብረው መሬቱን ደለደሉት።

በመህራውሊ ያስቀረው ቦታ ዛሬም ባዶ ነው።