የማኅሌትና የመለከት ደመወዝ

ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም፥ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ እንደ ተከለው፥ ያሬድም ዜማውን እስኪፈጽም ድረስ ሕመሙ እንዳልተሰማው ይተረካል። ንጉሡም ደንግጦ ስለ ፈሰሰው ደም የሚሻውን ዋጋ እንዲለምን ቢነግረው፥ ያሬድ ወርቅም ርስትም አልለመነም፤ ወደ ስሜን ሄዶ መንኖ ይኖር ዘንድ እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የምናኔን ክብር ለማሳየት ነው። ዳሩ ግን ስለ ደመወዝም የሚናገረው ነገር አለ። ንጉሡ ላዜመለት ሰው ባለ ዕዳ መሆኑን ዐውቋል፤ ያሬድም ዕዳውን ተወለት እንጂ ዕዳ የለብህም አላለውም። ሚስትና ልጆች ያሉት ደብተራ ግን ስሜን ገብቶ ይመንን ዘንድ አይችልም።

በቸርችል ጎዳና ራስ በኩል፥ በአራዳ፥ ከአድዋ ድል በኋላ በተተከለው በመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚሰማው ማኅሌት ከሩቅ ምንጭ የተቀዳ ነው። ድጓው ከቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕቱ ከዙር አምባ፥ አቋቋሙ ከጎንደር ይመሰከራል። ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ለመማር የሚሻ ሰው አኩፋዳውን አንግቶ፥ ቁራሽ እየለመነ፥ ከየደጁ ውሻ ጋራ እየታገለ የጐልማሳነቱን ዘመን ይፈጽማል። ከዚህ በኋላ በየበዓሉ ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያና በጸናጽል ይቆማል። ይህም ድካም ለእግዚአብሔር በነፃ የሚቀርብ ነው ሲባል ይሰማል።

በነፃ ግን አልነበረም፤ መሬት ነበረበት። ካህኑ በቅዳሴው፥ ደብተራው በማኅሌቱ የደብሩን መሬት ይበላ ነበር፤ መሬቱም የተሰጠው ለአገልግሎቱ ስለ ሆነ አገልግሎቱን ያስታጐለ ሰው ይጠየቅበት ነበር። ሥርዐቱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን አንድ ስንጥቅ ነበረበት። መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፥ ዜማው ግን አይወርድም። ስለዚህ በጎንደር ዘመን የደብተራ መሬት በመኳንንትና በወይዛዝርት እጅ፥ ድጓ ከፍተው በማያውቁ ወራሾችም እጅ ሲገባ፥ ባለመሬቱ ድኻ ሊቅ ፈልጎ በእርሱ ፈንታ እንዲቆምለት ይቀጥር ዠመር። እህሉ ለባለመሬቱ ይገባል፥ ሌሊቱ ለቅጥረኛው ይቀራል። ስሙ በመዝገብ የተጻፈው ሰው ሲተኛ፥ ስሙ ያልተጻፈው ሰው ያዜማል። ከዜማ ሊቃውንት ላይ የደረሰው ጥንታዊ በደል ይህ ነው፤ የተሠራውም በአረመኔ እጅ አይደለም፥ በደብሩ ግቢ ውስጥ ነው።

ደብተራው የሚንቀው አዝማሪ በዚህ ነገር የተሻለ ዕድል ነበረው። ምንም መሬት ባይኖረው፥ ዋጋውን እዚያው ግብር ቤት ውስጥ፥ አንዳንድ ጊዜም በግንባሩ ላይ ተለጥፎለት ይቀበላል። ለጋሱ ይወደሳል፥ ንፉጉ በቅኔ ይወጋል። ዳኛ አላስፈለገውም፤ ማሲንቆው ዳኛው ነበረ።

ሦስተኛው ዐይነት ደመወዝ ከውጭ አገር መለከት ጋራ መጣ። ከአድዋ በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒቆላዎስ ለዐፄ ምኒልክ የናስ መለከቶችን ላከላቸው። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ በአርመን ገዳም ያደጉ የሙት ልጆች ሲነፉ ሰምተው፥ ዐርባውን አስመጧቸው፤ እነርሱም ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋራ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የንግሥ በዓል ሲደረግ የያሬድ ዜማና የኬቮርክ የመዝሙር ድርሰት በአንድ በዓል ተሰሙ። አንደኛውን መሬት፥ ሁለተኛውን ግምጃ ቤት ይቀልበው ነበር።

በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ጣልያን በወሰን ላይ ጦሩን ሲያከማች የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። በዚያ ወራት ስለ አገሩ እየዘፈነ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ነውር በሆነበት ነበር። ሆኖም በጭንቅ ቀን በፍቅር የተሰጠ ነገር በሰላም ቀንም እንደ ግብር ሲጠበቅ ስሙ ፍቅር ሊባል አይገባውም። ከድል በኋላ ማኅበሩ በፒያሳ ቋሚ መድረክ ሆነ፤ ከዚያም በክብር ዘበኛ፥ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች የተቀጠረው ሙዚቀኛ እንደ ወታደር በማዕርጉ ይከፈለው ዠመር። ለኑሮው ይህ ርግጠኛ እንጀራ ነበር፤ ነፃነት ግን አልነበረም። ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ የተሻገረው ጥላሁን ገሠሠ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታስሯል። በኋላም በ1948 ዓ.ም. በቸርችል ጎዳና ታችኛው ወገን በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ዘፍኗል።

ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሣዊ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ አምሐ እሸቴ ግን በ1960ዎቹ መዠመሪያ ይህን ተዳፍሮ በስሙ ማሳተም ዠመረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲው መብት ሰጥቶ ነበር። ለሚዘፍነውና ለሚመታው ሰው በስሙ መብት የሰጠው ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 410 ነው፤ ይህም በ2007 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል።

ሕጉ ወደ ዘፋኙ ቤት ሲቀርብ የማኅሌቱ ሊቅ ከነበረው ወርዶ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የደብሩም መሬት አብሮ ሄደ። ገባሩ ከጭነቱ ስለ ተፈታ ይህን የሚያወግዝ ሰው አይገኝም፤ ነገር ግን የዜማው ደመወዝ ስለ ነበረው መሬት ምትክ አልታሰበም። ያንጊዜ በነፃ ይቀርባል ሲባል የኖረው ማኅሌት ዋጋ ምን ያህል እንደ ነበረ ተገለጠ። ከሁለት ዓመት በፊት በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዐዋዲ ሰበካ ጉባኤን ባያደራጅ ኖሮ ብዙ ደብር ባዶ እጁን በቀረ ነበር።

ከዚህ በኋላ ደመወዙ ከምእመናን አስተዋፅኦ የሚወጣ ሆነ፤ ምእመናንም በብዛት ያሉት በከተማ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚያገለግለው መሪጌታ የወር ደመወዝ ሲቀበል፥ በገጠር ድጓ የሚያስተምረው መምህር እርሻውን ይቈፍራል፥ ተማሪውም አኩፋዳውን እንዳነገተ ነው። ትምህርቱን ሲፈጽምም የከተማውን መንገድ ይጠይቃል፤ ከመምህሩ ወንበር ላይ የሚተካው ሰው እየጠፋ ነው።